ሆዴ ለጉልበቴ የነገረው

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ አኩራፊ አለቃሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ የላክሽልኝ ካልሲ ግን ሊገድለኝ ነው። ቅላቱንስ እንደ ምንም ችዬው ነበር፤ የቀኝ እግሬን ግን እንደ ነዶ ጥፍር አድርጎ አሰረው። አንቺን ስወቅስ ከርሜ ለካ ጥፋቱ የካልሲው አይደለም፤ ከጉልበቴ ጀምሮ አብጬ ኖሯል።

ሆስፒታል ብሄድ፣ ሐኪሟ ከጉልበቴ ውሃ በመርፌ ቀድታ አስመረመረች። የተገኘው ባክቴሪያ ቤቱ አንጀት ነው፣ እዚያ ሲኖር ክፋት የለውም፣ ሾልኮ ደም ውስጥ ሲገባ ነው የደረሰበትን የሚመርዘው አለችኝ። ጉድ በይ እንግዲህ! የሆዴን ለማንም ሳልናገር ስኖር፣ ሆዴ ራሱ ሄዶ ለጉልበቴ ነገረው።

ጉልበቴስ በሚወጉኝ መድኃኒት እየተሻለው ነው። እሷ ግን ከአንጀትዎ በየት በኩል እንደሾለከ በካሜራ ልይ አለች። ልጄ፣ አርባ ዓመት የሰው በር ስከፍት የኖርኩ ቁልፍ ሠሪ ነኝ፤ የኔን በር ማንም አይከፍትም አልኳት። ካሜራው በየት እንደሚገባ ስትነግረኝማ፣ ያ በር መውጫ ብቻ ነው ብዬ ነርሶቹን አሳቅኋቸው። እሷ አልሳቀችም። ጋሼ፣ ቁስል ወይም ዕጢ ሊኖር ይችላል፤ ሐሙስ ይምጡ፣ ማደንዘዣ ስለምንሰጥዎ አጃቢ ይዘው አለችኝ። ብቻዬን ብላት አይሆንም አለች። ወንድም የለዎትም? ስትለኝ፣ የለኝም አልኳት።

አትፍረጂብኝ። የአባታችን ቤት ቁልፍ ሲሰበር፣ አባትሽ እኔን ሁለት መንገድ ማዶ አስቀምጦ ሌላ ቁልፍ ሠሪ ጠራ! ይኸው ስድስት ዓመቱ፤ ዛሬም ሆዴ ውስጥ አለ። እሱን ከምለምን አንጀቴ እንደ ወንፊት ይበሳሳ።

ሐሙስ ዛሬ ነው። አልሄድም። የሰጡኝን የአንጀት ማጠቢያ ግን ጠጥቼዋለሁ፤ መድኃኒት መድፋት ነውር ነው ብዬ እንጂ ሌላ እንዳይመስልሽ።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

በመስኮት አጮለቅሁ። እንደ ልማዱ ያጠረ ሱሪ፤ ከሱሪው ሥር ቀይ ካልሲ። አንቺ ነገረኛ! ለሁለታችንም ነው የላክሽው? የሐሙሱ ቀጠሮ በስልክ ከአፌ ቢያመልጠኝ ለአባትሽ አደረስሽው?

እኔ አልጠራሁትም፤ ይህን ያዢልኝ። ስድስት ዓመት ውጭ ያቆመኝ ሰው፣ ይህን ፈርሜ እስክነሳ ቢቆም አይበዛበትም።

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ምላስሽ ይጠር።

ኮቱን ለብሶ የጨረሰው
አጎትሽ