ለባልዲ የሰጠሁት ድምፅ

ሰኔ 2
«ጋሼ፣ በእናታችን፣ ዛሬን እንኳ እመነኝ። ውሸቴን አይደለም።» ብዬ በድምፅ ላኩለት፣ ሽንት ቤት ቆሜ፣ በሩን በእግሬ ይዤ... መቀርቀሪያ የለውማ። ቀጭኔ የምንለው ካቦአችን የስፌት መኪናዎቹን አስቁሞ ነው የተናገረው። የምርጫው ቀን መጋረጃው ውስጥ ገብተን፣ የቁልፍ ፓርቲ ላይ ምልክት አድርገን፣ በስልክ ፎቶ አንስተን ልንልክለት። ያልላከች ስራ አትምጣ።
ጋሼ መለሰ። «ደሞ ጀመረሽ። ዝም ብለሽ ስፊ።» ታላቅ ወንድሜ የፋብሪካው ሰርቪስ ሾፌር ነው፣ ያስቀጠረኝም እሱ። ምን ይበል?

ሰኔ 5
እኛ ቤት ሁሌም ቁልፍ ነው የሚመረጠው። አባባ ቁልፍ፣ እማማ ቁልፍ፣ እኔም ባለፈው ቁልፍ። ለምን? እንጃ... የጠየቀኝም የለ። ሌላው ፓርቲ ዣንጥላ ነው፣ እሱ ደግሞ የባለሀብቶቹ። ከሱ ምን ልጠብቅ?
ዛሬ የፋብሪካው በር ላይ ለምርጫው የምትወዳደር አንዲት ሴትዮ መጣች። ፓርቲ የላትም፣ ምልክቷ ባልዲ። ድሮ እዚሁ ልብስ ትተኩስ ነበር፣ እጇ ሲቃጠል አባረሯት። ሌሎቹ ስለ አገር ያወራሉ። እሷ «ሽንት ቤቱ መቀርቀሪያ ተገጠመለት?» አለችን። ሳቅን።
አጠገቤ የምትሰፋው ጓደኛዬ «ባልዲ አታሸንፍም እኮ። ድምፅሽን ሜዳ ላይ ልትጥዪው?» አለችኝ።
«ለቁልፍ የሰጠሁትስ የት ገባ?» አልኳት።

ሰኔ 7
ፈራሁ። ብባረር የት እገባለሁ... ግን ስለፈራሁ ቁልፍን ልምረጥ? እምቢ።

ሰኔ 9
መረጥኩ። ገና ጠዋት ቀጭኔ «ፎቶው እንዳይረሳ» ብሎ ለሁላችንም ጽፏል። መጋረጃው ውስጥ ገባሁ። ከኪሴ ሁለት ቁራጭ ጥቁር ክር አወጣሁ፣ ቁልፉ ላይ አመሳቀልኩት፣ ቁርጥ ኤክስ። ፎቶ። ከዛ ክሩን እፍ አልኩትና ባልዲ ላይ በእስክሪብቶ ጫን አድርጌ አሰመርኩ።
ቀጭኔ ፎቶው ሲደርሰው «ጎበዝ» ብሎ መለሰልኝ። ጎበዝ ነኝ አዎ።
ሰልፍ ላይ ለነበረችው ለጓደኛዬ ዘዴውን በጆሮዋ ነገርኳት።

ሰኔ 11
ቁልፍ አሸነፈ። እኛ ጣቢያ ግን የተለጠፈው ውጤት ባልዲ በባልዲ ነው... ጓደኛዬ ለማን ለማን እንደነገረች እሷ ታውቃለች። ቀጭኔ ጋ የገባው ፎቶ ግን ሁሉም ቁልፍ። ፊቱ ከሰል መስሎ መጣ።
«የዋሸችኝ ትነሳ።»
ጓደኛዬ አንገቷን ደፋች። ልጅ አላት፣ አልፈርድባትም። እኔ ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ሌላ ማንም አልተነሳም።
«ሂጂ በይ፣ ባልዲሽ ታብላሽ» አለኝ።
«የጻፍክልን ስልኬ ላይ አለ» አልኩት። ስልኩን ሊቀማኝ እጁን ሲሰድ ሮጥኩ።

ሰኔ 12
የባልዲዋ ሴትዮ ቤት ነው ያደርኩት። ነገ ጠዋት ምርጫ ቢሮ አቤት ልንል ነው። ዛሬ ደውለን ስንጠይቅ የአንድ ሰው ቃል አይበቃም አሉን፣ ሌላ ምስክር ይፈልጋሉ። ጋሼም ታዞ ለቀጭኔ ፎቶ ልኳል። ሚስቱ ናት የነገረችኝ። እና እኔን ውሸታም ይለኛል...
አሁን ላኩለት። «ጋሼ፣ እመነኝ አልልህም፣ አንተም ታውቀዋለህ። ነገ ምርጫ ቢሮ ብቻዬንም ቢሆን እገባለሁ። ግን ምስክር ሆነህ አብረኸኝ የምትገባ ከሆነ ልወቀው። ሳይመሽ ደውልልኝ።»