የሦስተኛው ሣጥን ክንፎች

ጥር 6
ጠዋት ባቄላ ተከልኩ፣ ሣጥኖቹን ጠረግኩ። ያው የዘወትር ሥራ። ሦስተኛውን ሣጥን ስከፍት ግን... ክንፍ! ሦስት ዓመት ሙሉ ያረባኋቸው ክሽክሾች፣ እነዚህ ጥቃቅን የባቄላ ተባዮች፣ ክንፍ የሚባል ኖሯቸው አያውቅም። ቅጠል ላይ ተለጥፈው ከመምጠጥ በቀር ምን ያውቃሉ? ዛሬ አሥራ አንዱ በረው መረቡ ላይ ወጥተዋል። አጉሊ መነጽሩን ሁለቴ ወለወልኩት። ክንፍ ነው።

ጥር 7
ለምርምር ክፍላችን ኃላፊ ለዶክተሩ አሳየሁት። የባቄላ ሰው ነው፤ ክሽክሾቹ ለእሱ የትኛው የባቄላ ዘር ተባይ እንደሚቋቋም መፈተኛ ናቸው። የውጭ ዝርያ ገብቶብናል፣ ሁሉም ይወገድ አለ። ሁሉም? የአንዲት እናት ዘሮች እኮ ናቸው! ሁለት ሳምንት እንዲሰጠኝ ለመንኩት። እሺ አለ።
"በየሦስት ቀኑ እየለቀምሽ ስታሳሺያቸው ነበር አይደል?"
"አዎ" አልኩት።
ውሸት። እህቴ የወለደች ሰሞን ቶሎ ቶሎ እየወጣሁ ሦስተኛውን ዘጠኝ ቀን አልነካሁትም። አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ነበር ያገኘኋቸው።

ጥር 8
መጨናነቁ ይሆን እንዴ?
ከመጀመሪያው ሣጥን ክንፍ አልባ እናቶች ወሰድኩ። ሃያዎቹን አንዲት ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ አጨቅኳቸው። ሌሎቹን ሃያ ለየብቻ። ነገ ሁሉንም ሰፊ ቅጠል ላይ አውጥቼ ልጆቻቸውን እጠብቃለሁ።
ለባሌ ነገርኩት። አውቶቡስ ነጂ ነው። አውቶቡሴ ውስጥ ታጭቆ ክንፍ የተመኘ ሞልቷል፣ ያበቀለ ግን እስካሁን አላየሁም አለኝ። ሳቅን።

ጥር 11
ወልደዋል። ወንድ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ልጅ ብቻ ዱብ ዱብ። ሁሉም አንድ ዓይነት። የክንፍ ምልክት ግን የለም...

ጥር 15
ትከሻቸው አብጧል? ወይስ ዓይኔ ነው?

ጥር 17
ዓይኔ አይደለም!
ከተጨናነቁት እናቶች ልጆች ከመቶው ሰባ ስምንቱ ክንፍ አወጡ። ብቻቸውን ከቆዩት ልጆች አራት ብቻ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ልጆቹ ግፊያ አላዩም እኮ! እናቶቻቸው አንድ ቀን ተጋፉ፣ እነሱ ክንፍ አበቀሉ።
ወደ ዶክተሩ ልሮጥ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ሦስተኛው ሣጥን ለምን ተጨናነቀ ቢለኝስ?

ጥር 18
ነገርኩት። መጀመሪያ ውሸቴን፣ ከዚያ ብልቃጦቹን። ማስጠንቀቂያ እንደሚጽፍልኝ ነገረኝ። ይገባኛል፣ አልተከራከርኩም። ከዚያ አጉሊ መነጽሩ ላይ አጎነበሰ... ቆየ... ሻዩ ቀዘቀዘ። ቀና ሳይል፣
"እነዚህን መጣል የለም" አለ።
ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

ጥር 23
የሳምንቱ ስብሰባ። እስከ ዛሬ ወንበር ደርድሬ ነበር የምወጣው። ዛሬ ፊት ቆምኩ። መጀመሪያ ከወረቀት አነበብኩ፣ ስለ ክንፎቹ ስጀምር ወረቀቱን ረሳሁት።
አንዷ ተመራማሪ ስንት ሰዓት መጨናነቅ እንደሚበቃቸው ጠየቀችኝ።
"አላውቅም" አልኩ። አፌን ሞልቼ! አላፈርኩም።
ዶክተሩ ተነሥቶ ጥያቄዋን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ማን ይሥራው ብለው ሲተያዩ ከሥሩ የእኔን ስም ጻፈበት።