ግራ ጎኔን ብቻ

ጥር 6
ዛሬም ሃምሳ ሜትር፣ የደረት ዋና። 29 ሰከንድ ከ31 መቶኛ። ብሔራዊ ቡድን የሚያስገባው 29 ሙሉ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚችው ላይ ተገትሬ ቀረሁ… ማጣሪያው የካቲት 2 ነው። ያኔ ካልሆነ አበቃ። ጋሼ ፊት ለፊት ነግረውኛል፦ "ሠላሳ ሊሞላህ ነው፤ ቦታውን ለሌሎቹ ልቀቅ።" አሠልጣኜ ናቸው።

ጥር 11
መልበሻ ክፍል ውስጥ ክርክር። ከውድድር በፊት ገላን ሙሉ በሙሉ መላጨት ያፈጥናል ወይስ አያፈጥንም? የሁሉም ዓይን እኔ ላይ። ፀጉራም ደረቴንና ጀርባዬን አይተው "ምንጣፉ" ካሉኝ ቆይተዋል።
ጋሼ ሰሙ። "የሚዋኘው ሳንባ ነው እንጂ ፀጉር አይደለም! እዚህ ገንዳ ምላጭ ይዞ የመጣ ወየውለት!"
እኔም አላመንኩም። ፀጉር ስንት ይመዝናል? ግን ሠላሳ አንድ መቶኛ ሰከንድስ ስንት ነው?

ጥር 17
እብደት። ለሙከራ ግራ ጎኔን ብቻ ልላጭ ወሰንኩ። ቀኙ ለማወዳደሪያ ይቆይ… እህቴ በምሳ ሰዓት የፀጉር ቤቷን በር ዘግታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ።
"ግራውን ብቻ?"
"ብቻ።"
"አንተ ጅል፣ እናታችን ብታይህ ምን ትላለች?"
ጉልበቴ ጋ ስትደርስ ማሽኑን አስቀምጣ በሳቅ ፍርስ አለች። ደረቴ መሃል ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ድንበር አለ። መስታወቱን ሳየው እኔም አልቻልኩም።

ጥር 18
እንዴት ብዬ ልጻፈው?
የገንዳውን ግድግዳ ገፍቼ ስወነጨፍ በግራ በኩል ውሃው ነካኝ። በቃ ነካኝ። ክንዴን፣ ጎኔን፣ ጭኔን አልፎ ሲሄድ መንገዱን አወቅኩት። ቀኙ ኮት ለብሶ የገባ ይመስላል። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ስዋኝ ኖሬ ውሃ እንዲህ መሆኑን ዛሬ ነው የማውቀው? ፈራሁ… ደስ የሚል ፍርሃት።
ሰዓቱ ግን ባሰበት። 29 ከ58። ሁለቴ ከመስመሩ ገመድ ጋር ተላተምኩ። ግራ እጄ ውሃውን ጥርቅም አድርጎ ሲይዝ ቀኙ ይዳብሳል። አንድን ገላ ለሁለት ከፍዬ ላወዳድር? የኔ ነገር!
ጋሼ መጀመሪያ እግሬን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን። "ወይ ጨርሰው፣ ወይ አብቅለው። እንዲህ ሆነህ ግን ዓይኔ ፊት እንዳትቆም።"

የካቲት 1
ሁለት ሳምንት ማታ ማታ፣ ጋሼ ከሄዱ በኋላ ነው የተለማመድኩት። ዛሬ እህቴ ቀኙን ጨረሰችው፤ ግራውንም ደገመችልኝ።
"ካልሆነስ?" አለች።
ፀጉሩን ከወለሉ ጠረግኩላት። ከዋና ሌላ ምን አውቃለሁ…

የካቲት 2
28 ከ94።
ገባሁ፣ በስድስት መቶኛ! ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አይሞላም።
ፀጉሩ ነው? ወይስ ውሃው ሲነካኝ እጄን የት እንደማደርግ ስላወቅኩ? ወይስ ስላመንኩ ብቻ? አላውቅም። ዛሬ ገላዬ በሙሉ ውሃውን ሰማ። አምላኬ፣ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው የኖርኩት?
ጋሼ እጄን ጨበጡኝና ሄዱ።

የካቲት 5
ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። ገንዳው ውስጥ ሰው አለ… ጋሼ! አሥር ዓመት ሲያሠለጥኑኝ ሲዋኙ አይቻቸው አላውቅም።
ጠርዙ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። እግራቸውን አየሁ። የስልሳ ስድስት ዓመት እግር፣ ልጭት ያለ፣ ሁለት ቦታ ምላጭ የቆረጠው። ራሳቸው ናቸው የላጩት። ፎጣ አቀበልኳቸው፤ አልተቀበሉኝም።
"በኔ ጊዜ ከብሔራዊ ቡድን በአራት መቶኛ ቀረሁ" አሉ፣ ውሃውን እያዩ። "ጓደኞቼ ተላጭተው ነበር። እኔ ግን ንቄ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ውሸት ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።"
አጠገባቸው ተቀመጥኩ።
ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦ "ውሃው እንዲህ ነበር እንዴ?"
"እንዲህ ነው፣ ጋሼ።"
ተመልሰው ገቡ። ሌሎቹም መጥተው የልምምዱ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ማናችንም አልጠራናቸውም።