ንጹህ ኮሪዎች

ኦክቶበር 6፣ ሰኞ

የሳንቲም ሱቄ ገበያ የለውም። እስከ ምሳ አንድ ሰው ብቻ፣ እሱም የአያቱን ሜዳሊያ ይዞ። ወርቅ አይደለም፣ ነሐስ ነው ስለው፣ "አያቴ አይዋሽም፣ ነጋዴ ግን ይዋሻል" ብሎኝ ወጣ። ይሁን።

እህቴ ኒሩቤን ደወለች። የባሏ ወንድም መልስ ይፈልጋል። ወይ የቤቱን የእሱን ግማሽ ትገዛዋለች፣ ወይ ቤቱ ይሸጣል። ከተሸጠ ሱራት፣ ልጇ ጋ መሄድ ነው።

"ዘጠነኛ ፎቅ ላይ እንደ እርግብ ልታስቀምጡኝ ነው?"

አይዞሽ አልኳት። ሟቹ ባሏ ጄሱክላል የሰበሰባቸው ኮሪዎች አሉ... የድሮዎቹ ነገሥታት፣ ራጃዎቹ፣ እዚሁ ቡጅ ያሳተሟቸው የብር ሳንቲሞች። አውቃቸዋለሁ። ብዙዎቹ ከማተሚያ ወጥተው የሰው ኪስ ሳይገቡ የተቀመጡ ናቸው። ላያቸው ጠቁሯል። ከጥቁረቱ ሥር ግን ብርሃናቸው እንዳለ ነው። ቤቱን ያስቀራሉ።

ገዢም አለኝ። የአህመዳባዱ ፓርሲ፣ ሳንቲም ሰብሳቢው ፊሮዝሻ። "ሰውየው አስቸጋሪ ነው፣ ንጹህ ሳንቲም ካልሆነ በእጁ አይነካም" አልኳት።

"ገባኝ" አለች። ድምጿ ወዲያው ተስተካከለ።

ኦክቶበር 8፣ ረቡዕ

ፊሮዝሻ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። ጥሩ።

ኦክቶበር 10፣ አርብ

ኮሪዎቹን ላመጣ ሄድኩ። በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ። ጨርቁ ላይ ኮሪዎቹ፣ በሰልፍ። ሁሉም እንደ መስታወት ያበራሉ።

"በሎሚና በአመድ!" አለች። "ለዲዋሊ በዓል የቤቱን የብር ዕቃ እንደማጥበው። ጣቴ ተላጠ፣ እየው። ንጹህ ነው ያልከው፣ ይኸው ንጹህ።"

በእኛ ሥራ ንጹህ ማለት ማንም ያልነካው፣ ያልታጠበ፣ ያልተወለወለ ነው። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ... በእሷ ቤት ግን ንጹህ ማለት የታጠበ ነው። በማንስ ቤት አይደለም?

አንዱን አንስቼ ወደ መስኮቱ አዘነበልኩት። ያልተነካ የብር ሳንቲም ሲያዘነብሉት ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ ይሽከረከራል። ይሄ አልተሽከረከረም። ባለበት ቆመ። በማጉያው ሳየው የአመዱ ጭረት እንደ ፀጉር ተጋድሞበታል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን አላነሳሁም።

"እንዴት ነው?"

"ያበራል" አልኳት። እውነት ነው፣ ያበራል።

"እሱ እያለ አንድ ቀን አላስነካኝም። 'እጅሽን አርቂ፣ እጅሽን አርቂ!' እጄ እሾህ አለው? አሁን መጥቶ ይይ፣ ማን እንዳሳመረለት!"

አሬራ ቀዳችልኝ። ጨው በዝቶበታል። ጨርሼ ጠጣሁት።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

ፊሮዝሻ ሳጥኑን ከፈተ። ቀና ብሎ አየኝ።

"ሃርሻድባይ፣ ሳንቲም ነው ያቀረብክልኝ ወይስ ማንኪያ?"

"እይልኝ እንጂ።"

"ምኑን ልይ? ማነው የገደላቸው?"

"እኔ።"

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጨዋ ሰው ነው፣ አንድ በአንድ አየልኝ። የሰብሳቢ ደረጃና ዋጋ ሊሰጠው የሚችል አንድም አልተገኘም። በብርነታቸው ብቻ፣ በሚዛን ከፍሎ ወሰዳቸው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ከዚያ በላይ አልከፍልም።

ከራሴ ልጨምርላት? አሰብኩት። የሱቁን ዕቃ ጠራርጌ ብሸጥ የቤቱን ግማሽ አይሞላም። ሁለታችንም ሜዳ ላይ መቅረት ነው።

ኦክቶበር 12፣ እሁድ

"ገበያው ወድቋል" አልኳት።

"ከመቼ ወዲህ?"

"ከዝናቡ ወዲህ።"

እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ፣ "ንጽህናቸውን አይቶስ ምን አለ?"

"እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም አለ።"

"ቢያንስ ጄሱክላልን አላሳፈርኩትም።"

የዋሸሁት ለእሷ ብዬ ነው? ወይስ ለራሴ?

ኦክቶበር 20፣ ዲዋሊ

መንገዱ ሁሉ መብራትና ርችት። የእህቴ ደጅ ጨለማ። ሐዘን ላይ ነች... በዚያ ቤት የመጨረሻ ዲዋሊዋ ነው።

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

የቤቱ ሽያጭ ተፈረመ። የናስ ድስቶቿን ለጎረቤት አከፋፈለች። "ምራቴ ጋ የሚታጠበው በማሽን ነው" አለች፣ እየሳቀች። ባቡር ላይ አሳፈርኳት። በመስኮቱ፣ "ገበያው ሲነሳ ንገረኝ፣ አንድ ኮሪ መልሰን እንገዛለን" አለችኝ።

እሺ አልኩ።

ዲሴምበር 1፣ ሰኞ

ውስጥ ሆኜ ሱቁን ልከፍት ስል ደወለች።

"ሃርሹ፣ ምራቴ በስልኳ አንድ ነገር አሳየችኝ። የታጠበ ሳንቲም ደረጃ የለውም ይላል። እውነት ነው?"

ባንኮኒው ጀርባ ሄጄ ተቀመጥኩ።

"እውነት ነው" አልኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ንጹህ ስልሽ ያልተነካ ማለቴ ነበር። በትክክል ሳልነግርሽ ቀረሁ። ከዚያም ዋሸሁሽ።"

"እሱን ተወው።" በስልኩ ውስጥ የፎቁ አሳንሰር ድምፅ ይሰማኛል። "ታዲያ... 'እጅሽን አርቂ' ይለኝ የነበረው ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው። እኔንም ያለ ጓንት አያስነካኝም ነበር።"

"አንተንም?"

"እኔንም።"

"እኔ እኮ ንቆኝ መስሎኝ... አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ሲሞት እንኳ በሆዴ ቂም ይዤበት ነበር፣ ሃርሹ።"

ስለ ቤቱ ልናገር አፌን ከፈትኩ። "ቤቱ ይሂድ፣ ስለ ቤቱ አይደለም" አለችኝ፤ ከዚያ ለቅሶው መጣ።

ስልኩን አልዘጋሁም፤ እሷም አልዘጋችም። ደንበኛ የሱቁን መዝጊያ ያንኳኳል፣ "ሃርሻድባይ! ሃርሻድባይ!" እያለ።

አልከፈትኩለትም።