ሹፌር ነበር፤ ባቡር ግን አልነዳም

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። የሜልቦርን ክረምት ማለቴ ነው፤ ያ ጉልበትህን ያስቸግርህ የነበረው። ሱቅ ዘግቼ የዕለቱን ጉዳይ መጻፍ ልማዴ እንደሆነ ታውቃለህ። ዛሬ ግን ላንተ እጽፋለሁ፤ ካንተ በቀር ለማንም የማላካፍለው ጉዳይ ገጥሞኛል።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ኖርዝ ሜልቦርን ያለው የቅመም ሱቅ እንዳለ ነው። ኪራይ ጨመሩብኝ። ምክንያቱን ጠየቅሁ፤ የሰጡኝን ምክንያት አላመንኩም፤ ግን ፈረምኩ። የምንኖርበት ፎቅ ሊፈርስ ነው ተብሎ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ እየለቀቁ ነው። እኛንም ሌላ ቤት እናሳያችሁ ይሉናል። ከመስኮቱ ባቡር ይታይ እንደሆነ ጠየቅሁ። ቤቱን የሚያሳየን ሰውዬ ድምፁን የፈራሁ መስሎት "አታስቢ፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው" አለኝ። ያኔ ቤቱን ጠላሁት። ልጄ ናሆም ያንተን ክፍል ወስዷል። በአማርኛ እጠይቀዋለሁ፣ በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። ያው ነው።

ዋናው ጉዳይ ይኸውልህ። እነዚያ አሮጌ ባቡር የሚጠግኑት ሽማግሌዎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዣቸው ድረስ እየሄድክ ስትጎበኛቸው የነበሩት፣ ኬን የሚባለውን ወደ ሱቅ ላኩት። በእንፋሎት ባቡር የሠሩ ሰዎች ስም የሚሰፍርበት ሰሌዳ አላቸው፤ ያንተን ስም ሊጨምሩበት ይፈልጋሉ። "በነጻ ነው" አለኝ። በነጻ ሲሉኝ ቦርሳዬን እንደምይዝ ታውቃለህ። ምን እንደሚጠቀሙ ሁለቴ ጠየቅሁት። "ስለምንወደው ነው" ብሎኝ ቆመ። ከስምህ ቀጥሎ ሥራህ እንደሚጻፍ ነገረኝና "ምን ነበር የሚሠራው?" አለ። ድራይቨር ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ምክንያቱን ልንገርህ። ለቅሶህ ላይ የድሬዳዋው ጓደኛህ ጋሼ ዓለሙ ተቀምጠው ነበር። ሰው ሁሉ የባቡር ሹፌር ነበሩ እያለ ሲያነሳህ፣ እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው "ሹፌርስ ነበር፤ ባቡር ግን አንድም ቀን አልነዳም" አሉ። ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ተምታታባቸው ተባለ። እኔ አልሳቅኩም። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ በከንቱ አይናገርም። መጀመሪያ ቅናት ነው አልኩ። ውሎ አድሮ ግን ጥርጣሬዬ ወዳንተ ዞረ።

የነገርከንን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳሁ መዘንኩት። የናፍጣው ባቡር ድሬዳዋ ሲገባ ምን እንደሆንክ ስንጠይቅህ "ከእንግዲህ ሹፌር አያስፈልግም ብለው ወርክሾፕ ከተቱኝ" ትለን ነበር። ልጅ ሆኜ በዚህ ሳቅኩ፤ አድጌ ግን ቆረቆረኝ። ያለ ሹፌር የሚሄድ ባቡር የት አገር አለ? ጥያቄውን ግን አንድም ቀን አላነሳሁብህም።

እዚህም ከመጣህ በኋላ የእንፋሎቱ ባቡር ለሽርሽር በሚወጣበት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆመን እንጠብቀው ነበር። ሌላው ሰው ካሜራ ደግኖ ቁጥሩን ሲጽፍ፣ አንተ አፍንጫህን ነበር የምታቀናው። ጭሱን አሽትተህ "ከሰሉ እርጥብ ነው" ትላለህ። ከኋላ የናፍጣ ባቡር ተቀጥሎ ሲገፋው ያየህ ዕለት ፊትህ ጠቁሮ ቀረ። "በርበሬ ላይ ዱቄት እንደ መደባለቅ ነው" ስልህ ነው የሳቅከው። የኤሌክትሪኩንማ ባቡር ብለህ ጠርተኸው አታውቅም፤ ትራም ነበር የምትለው። ሰው ሁሉ ለሚነዳው ሰውዬ እጁን ሲያወዛውዝ፣ አንተ አካፋ ይዞ ላጎነበሰው ነበር ባርኔጣህን የምታነሳው። ያኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ባልቀመስኩት ሸቀጥ ላይ ስም ለጥፌ አላውቅም። ስለዚህ ኬንን ሳምንት ይቆየኝ ብዬ ጋሼ ዓለሙ የሚኖሩበት ኮሊንግዉድ ሰፈር ሄድኩ። አሁን ብቻቸውን ናቸው። ሽሮ ይዤላቸው ገባሁ፤ በባዶ እጅ እውነት አይገኝም። ለቅሶ ላይ ያሉትን አነሳሁባቸው። አዩኝ፣ አዩኝና "አንቺ ልጅ፣ ከበርበሬ ሌላ የምታውቂው የለም እንዴ?" አሉኝ። "በባቡር ቤት ቋንቋ የሚነዳው መካኒሲያን ነው። ሹፌር የሚባለው እሳት አንዳጁ ነው። ከሰሉን እየዛቀ ያን አቀበት የሚያወጣው ማን መሰለሽ? የባቡር መንገዱን የዘረጉት ፈረንሳዮች ናቸው እንዲያ ብለው የጠሩት፤ የመኪናው ሹፌር ኋላ የመጣ ነው።" ሽሮውን አሽትተው ደግሞ "የዘንድሮው ነው ወይስ ያደረብሽ?" አሉ። የተጠረጠሩትን ያህል ጠረጠሩኝ።

በአንድ ሰው ቃል አልተውኩትም። ከሞሪሸስ የመጣች ማሪ የምትባል ደንበኛ አለችኝ፤ ፈረንሳይኛ የአፍ መፍቻዋ ነው። ሚጥሚጣ እየመዘንኩላት፣ ለምን እንደፈለግሁት ሳልነግራት፣ ሹፌር ማለት ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። መኪና የሚነዳ አለች። ጥንትስ አልኳት። አሰብ አድርጋ "የሚያሞቀው፣ እሳቱን የሚይዘው" አለች። ሚጥሚጣውን ጨመር አደረግሁላት። ለምን እንደሆነ አልገባትም።

እንግዲህ አልዋሸኸንም። ናፍጣው ሲመጣ ሹፌር አያስፈልግም ያሉህም እውነታቸውን ነበር፤ የሚነድ ነገር ከሌለ የሚያነድ ሰው ምን ይሠራል? እኛን እንደ ቀልድ ያሳቀን ነገር አንተን ከሥራህ ያወጣህ ነው።

ለኬን ነገርኩት፤ ደስ ብሎት፣ የባቡር እሳት አንዳጅ በእንግሊዝኛ እንዲህ ይባላል ብሎ "ፋየርማን" የሚል ጽፎ በስልክ ላከልኝ። ናሆም አንብቦት "አያቴ እሳት አደጋ ነበር እንዴ?" አለ፣ በእንግሊዝኛው። እዚህ አገር ፋየርማን ሲባል ሰው የሚያየው ቀይ መኪናና የውኃ ጎማ ነው። አባዬ፣ በቃላት ተጎድተሃል። በአማርኛ ያልነዳኸውን ያስነዱሃል፤ በእንግሊዝኛ ያነደድከውን ያስጠፉሃል።

ስለዚህ ከእንግሊዝኛው ሥር በፊደላችን "እሳት አንዳጅ" ተብሎ ይቀረጽ አልኩ። ኬን ኮምፒውተር ይጽፈዋል አለኝ። ኮምፒውተር የገለባበጠውን አማርኛ ስንት ማስታወቂያ ላይ አይቻለሁ። ፊደሎቹን በእጄ ስዬ ሰጠሁት፤ ሲቀርጹም ቆሜ አያለሁ።

አንድ ነገር ግን አልተፈታልኝም። ድራይቨር እንደ ነበርክ እናምን እንደ ነበር ታውቃለህ። እማዬ በዘመዶቿ ፊት "ባቡር ይነዳል" ስትል አንተ ጽዋህን ታነሳለህ እንጂ አላረምካትም። ቃሉ ስለሸፈነህ ዝም አልክ? ወይስ ኩራቷን ልትነጥቃት አልፈለግህም? ማንን ልጠይቅ? ጋሼ ዓለሙም አያውቁትም፤ ቢያውቁም የሚነግሩኝ አይመስለኝም።

ናሆም ልጆች ሲወልድ እዚያ ሰሌዳ ሥር አቆማቸዋለሁ። የሚነዳው ሌላ ሰው እንደ ነበር፣ እሳቱ ግን ያንተ እንደ ነበር እነግራቸዋለሁ። ዝም ማለትህንም እነግራቸዋለሁ፤ ጎደሎ ሚዛን አልሰጣቸውም። እኔ እስካለሁ ድረስ አንተን ማንም በሌላ ስም አይጠራህም።

ልጅህ ሰናይት