ለልጃችን ስል የመረጥኩት ሶፋ

ታዴ፣ የልጄ አባት፣

እንደምን ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስ የለህም። እንዲያው በደፈናው ሰላምታዬ ይድረስህ። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት አልፎ ሦስተኛውም እየተገባደደ ነው። የምጽፍልህ ከኸርጡም፣ ከጀሪፍ ሰፈር፣ ከራሳችን ቤት ነው። በእኔና በአንተ መካከል ያለው ርቀት ከሳሎኑ እስከ ኒሟ ዛፍ ድረስ ነው፤ ወጥቼ ብነግርህም ይቻል ነበር። ግን ጮክ ተብሎ የማይነገር ነገር አለ። ጎረቤት ይሰማል፣ የጎረቤት ወሬ ደግሞ ልጃችን ያለችበት ካይሮ ድረስ ይሄዳል።

ቤታችንን ብታየው አታውቀውም። በጦርነቱ ከተሰደድኩበት ከገዳሪፍ ስመለስ በር አልነበረውም። ፍሪጁን፣ አልጋውን፣ ያን የምትወደውን ሬዲዮ ወስደዋል። አልበቃ ብሏቸው የመብራቱን ሽቦ ከግድግዳው ውስጥ መዘው አውጥተውታል። ባዶው ሳሎን መሀል ቆሜ ድንገት ሳቄ መጣ። ዘራፊዎቹ ከሁሉ የሚበልጠውን ዕቃችንን፣ ያን ጥቁር አረንጓዴ የቬልቬት ሶፋ፣ ሳያገኙት መሄዳቸው ነው ያሳቀኝ። ሶፋው አንተ ጋ፣ ከመሬት በታች ነው።

ስንገዛው ስንት ተጨቃጨቅን! ልጃችን ሕይወት ገና ዳዴ ትል ነበር። እኔን ያማረኝ የሱቅ አዲስ፣ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ሶፋ ነው። አንተ ደግሞ ደላላ ሄደን ካላየን ሞቼ እገኛለሁ አልክ፤ እዚህ አገር አሮጌ የቤት ዕቃ የሚሸጥበትን ገበያ ደላላ ነው የሚሉት። ከተማውን ለቅቀው የሄዱ የግሪክ ቤተሰቦች የሸጡት ነው ተባልን። አንዱን ጫፍ ብድግ አደረግክና ሲከብድህ ደስ አለህ። እግሩን በጣትህ ቆረቆርክ፣ ተንበርክከህ ስፕሪንጉን ከሥር ዳሰስክ፣ በመጨረሻም አፍንጫህን መቀመጫው ላይ ደፍተህ አሸተትከው። የሰው ሚስት ያሸተትክ ይመስል ሻጩ ተቆጣ። እኔ መዳፌን ጨርቁ ላይ አስኬድኩት። ወደ አንዱ ወገን ይለሰልሳል፣ ወደ ሌላው ይሻክራል፤ ቀለሙም ከእጄ ጋር ይደምቃል፣ ይጠቁራል። እጄን ማንሳት ሲያቅተኝ አይተህ ወዲያው ዋጋ መከራከር ጀመርክ።

በካሮ፣ በአህያ ጋሪ ጭነነው ስንመጣ አንተ ሶፋው ላይ እግርህን አነባብረህ፣ እኔ ልጅ አዝዬ በእግሬ ከኋላ። መንገደኛውን ሁሉ እጅህን እያነሳህ ሰላም ትላለህ። የግድግዳ ጎረቤታችን ዓም ዑስማን ደጁ ላይ ቆሞ «ያ ታደሰ፣ ቀጢፋ በኸርጡም ሙቀት? ወላሂ አብደሃል!» አለህ። ሽማግሌው ልክ ነበር፤ እዚህ አገር ቀጢፋ፣ ማለትም ቬልቬት፣ የእብድ ዕቃ ነው። በሙቀቱ ወር የተቀመጠበት ሰው ላብ በላብ ሆኖ ይነሳል፤ ሀቡብ የሚሉት ነፋስ አቧራውን ይዞ በመጣ ቁጥር እኔ ሶፋ ሳራግፍ እውላለሁ። ሕይወት ትምህርት ቤት የገባች ጊዜ ዩኒፎርሟን እላዩ ላይ ዘርግታ ልተኩስ ብላ የካውያ ቅርጽ አተመችበት። እኔ ልመታት ስነሳ አንተ ሄደህ ቃጠሎው ላይ ተቀመጥክበት። ከዚያ ወዲያ ያ ቦታ የአንተ ሆነ።

የሞትከውም እዚያው ቦታ ላይ ነው። ጦርነቱ ከመጣ በኋላ የስኳርህ መድኃኒት አለቀ፤ ሶባ ሆስፒታል ድረስ ልውሰድህ ብል መንገዱ በተኩስ ተዘጋ። ጋደም እንዳልክ ቀረህ። ቤተ ክርስቲያን መድረስ የማይታሰብ ነበር። ዓም ዑስማን ግቢያችን ውስጥ ከኒሟ ሥር ቆፈረልህ። በእነሱ ወግ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሊያሳርፍህ ነበር፤ እኔ ያለ ሳጥን አይሆንም ብዬ አለቀስኩ። ሰውየው አልተከራከረኝም። ሶፋውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄዶ መጥረቢያውን አመጣ። ጣውላው ከሶፋው ወጣ፤ ሚስማሩም ከዚያው ተነቅሎ እየተቃና ተመታ። ቬልቬቱን እኔ በምላጭ ገፍፌ ሳጥኑን በውስጥ አለበስኩት። የሚለሰልሰውን ወገን ወደ አንተ አደረግኩት። ቄስ ስላልነበረ አቡነ ዘበሰማያት እኔው ደገምኩልህ፤ ዓም ዑስማንም የራሱን ጸሎት አደረሰ። እሱም ሰንብቶ ከከተማው ሸሸ፣ እስካሁን አልተመለሰም። ሞቷል የሚሉም አሉ።

ይህን ሁሉ ሕይወት አታውቅም። ያን ጊዜ ካይሮ ላይ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። መርዶዋን የነገሯት ሴቶች እንዲህ በሉልኝ ብዬ የላክሁትን ነው የነገሯት፤ አባትሽ በቤተ ክርስቲያን፣ በሳጥን፣ በቄስ፣ በወግ በማዕረግ ተቀበረ። በዚያ ተጽናናች። በስልክ «ቢያንስ እንደ ሰው ተቀብሯል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በምን አንጀቴ ላፍርስባት?

ዘንድሮ ልጠይቅሽ ልመጣ ነው ስትለኝ ያነሳችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባዬ ሶፋ አለ ወይ? አፌ ቀደመኝ። አለ፣ ዓም ዑስማን ከመሸሹ በፊት ደብቆ አትርፎልኛል አልኳት።

እንግዲህ ሶፋ ፍለጋ ወጣሁ። በተጨናነቀ ሀፍላ፣ በአውቶቡስ፣ ካላክላ ገበያ ወረድኩ፤ እዚያ ከየቤቱ የተዘረፈው ዕቃ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ይሸጣል። አንዲት ሱዳናዊት ቡናማ ሶፋ ላይ ተቀምጣ «ሐቂ! ወላሂ ሐቂ!» ትላለች፤ የእኔ ነው ማለቷ ነው። ሻጩ ከሌላ ሰው ገዝቼ ነው ብሎ ይምላል። በመጨረሻ የገዛ ዕቃዋን በገንዘቧ ገዝታ፣ እያለቀሰች አስጭና ሄደች። ሰው ሁሉ አዘነላት። እኔ ግን ቀናሁባት፤ የእሷ ቢያንስ ተገኝቷል።

ስመርጥ አንተ እንዳደረግከው አደረግኩ። አንዱን አነሳሁት፣ ቀለለኝ። ሌላውን ቆረቆርኩት፣ እንጨቱ የተጣበቀ ብጣሽ ነው። አሸተትኩ፤ የማላውቃቸው ሰዎች ወጥ፣ ቅባት፣ የሕፃን ሽንት ሸተተኝ። ስመላለስ ሰንብቼ አንድ ጥቁር አረንጓዴ አገኘሁ። ቬልቬቱ ሰው በሚደገፍበት በኩል ሳስቷል። ክንዱ ላይ የተቀረጸው የወይን ዘለላ ነው፤ የእኛው ላይ ግን አበባ ነበር። ስፕሪንጉም ወጥቶ ስፖንጅ ተከቶበታል። ልጅቷ ከቤት ከወጣች ስንት ዘመኗ፣ አታስታውሰውም ብዬ ወሰድኩት።

የቀረው የካውያው ምልክት ነበር። የከሰል ካውያ ተዋስኩ፤ አግዬ ከመቀመጫው ላይ ጫንኩት። ጨርቁ ሲጨስ ብድግ አደረግኩት። የልጄን የልጅነት ጥፋት በስተርጅና ቁጭ ብዬ በእጄ ሠራሁት። አስኩ ለየላት ትል ይሆናል፤ እኔም ብዬዋለሁ።

መጣች። የልጅ ልጅህ ቤቱን እየሮጠች ትዞራለች፣ ግንባሯ የአንተ ነው። ሕይወት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሶፋው ጋ ሄደች። ምልክቱን በጣቷ ዞረችው፣ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን ደፍታ አባዬ አባዬ እያለች ተንሰቀሰቀች። ሽታህ አለበት አለች። ታዴ፣ ከሞትክበት ቀን በኋላ እንደዚያ የከፋኝ ቀን የለም። ልጅህ ማን እንደተቀመጠበት በማናውቀው ሶፋ ላይ ስታለቅስልህ አንተ ከመስኮቱ ማዶ ነህ፤ እኔም መሀል ላይ ቆሜ እንባዬን መጥረግ እንኳን አፈርኩ። መቃብሩን ልሳለም ስትለኝ ቦታው ገና ከፈንጂ አልጸዳም አልኳት፤ አመነችኝ። የመቃብርህን ድንጋዮች ከመምጣቷ በፊት አንስቼ ነበርና ምንም አላየችም። ቀኑ ሲሞቅ ከኒሟ ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ልጇን አስተኛች።

ልትመለስ ስትል አብረን እንሂድ ብላ ለመነችኝ። ለምን እንዳልሄድኩ ለአንተ ብቻ ልንገርህ። የከተማው አስተዳደር ሰዎች በጦርነቱ ጊዜ በየግቢው የተቀበሩትን እያወጡ ወደ መቃብር ስፍራ እየወሰዱ ነው። እኛ ሰፈር መቼ እንደሚደርሱ የሚያውቅ የለም። ቤቱ ባዶ ሆኖ ከደረሱ ግን ይህ ሰው ማን ነው ሲባል የሚመልስ አይኖርም፤ ያለ ስም፣ ያለ ፍትሐት አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ይከቱሃል። ይህን ለእሷ መንገር ማለት አባቷን እንደገና መግደል ነው። አልሄድም አልኳት። እዚህ ምን ቀረሽ አለችኝ። ዞር ብላ ሳሎኑን አየች፤ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሶፋው ብቻ ነው።

«ኸላስ፣ በቃ ገባኝ፤ ለዚህ ለአሮጌ ሶፋ ብለሽ ነው እማዬ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

ሕፃኗን እንድስማት አቀረበችልኝ፤ የራሷን ጉንጭ ግን አልሰጠችኝም። ከሄደች ወዲህ አልደወለችም። እኔም ስደውል አታነሳም።

ደስ የሚል ነገር ጽፌ ልሰናበትህ ፈልጌ ነበር፣ የለኝም። ድንጋዮችህን ወደ ቦታቸው መልሻለሁ። ሶፋው ላይ አልቀመጥበትም፤ መሬት ላይ ነው የምውለው። ሰዎቹ ሲመጡ በሩ ላይ ቆሜ ስምህን ከነአባትህ፣ የክርስትና ስምህንም ጨምሬ እነግራቸዋለሁ፤ ቄስ ከጠፋ ዳግመኛም እኔው እደግምልሃለሁ። በሕይወት እስካለሁ ከልቤ አትወጣም። ሕይወት እናቴ ከእኔ ይልቅ ሶፋ መረጠች ብላ ትኑር። አባቴ በወግ በማዕረግ ተቀበረ ብላም ትኑር። ሁለቱንም የሰጠኋት እኔ ነኝ።

የአንተው አስካለ