ለአንድ ውሸት አርባ ስግደት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ተስፋሚካኤል፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ አቃቂዎች እግዚአብሔርም ወረዳውም ሳይለዩን አለን።

በወረዳው ስብሰባ ላይ «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር እታዘዛለሁ» ብለህ ከጠፋህ ወዲህ የወረዳው ሰዎች «የት ነው?» እያሉ አሰለቹኝ። «አላውቅም» አልኩ። ውሸት ኃጢአት ነውና፣ ሁመራ መሆንህን ሳልደብቅ ለንስሐ አባታችን ተናዘዝኩ። አባ «ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው፤ መንግሥትን ትዋሺያለሽ?» ብለው አርባ ስግደት አዘዙኝ። ጉልበቴ ተልጦ ስነሳ ሰማሁ፤ ለካ የሰፈሩን ወሬ ለወረዳው የሚያቀብሉት የአንድ ለአምስት ጠርናፊ እሳቸው ኖረዋል! ደሜ ፈላ። ጆሯቸው አንድ፣ ጌታቸው ሁለት!

ትናንት የወረዳው ሰዎች መጥተው ስለ ጤናዬ ብቻ ጠየቁኝ። የት እንዳለህ አልጠየቁም።

የሁመራ ሙቀት አይስማማህም፤ ዛሬውኑ ሌላ አገር ሂድ። ይህን በሹፌሩ በአቡዘር እልካለሁ፤ እሱ ሙስሊም ነው፣ የንስሐ አባት የለውም።

እግዚአብሔር ይሰውርህ።

እህትህ ሥርጉት